ከጥምቀት እስከ መጋቢት፦ ለወንድ ጥንቸሎቼ ስፒሩሊና ያበላሁበት ልምድ

አዳማ ጓሮዬ ውስጥ ጥንቸል አረባለሁ። እዚህ መጋቢት ሲገባ ሙቀቱ ይበረታል። ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ላይ ስድስት ሴቶችን ወደ ወንዶቹ ኬጅ እያስገባሁ አስጠቃሁ። ወንዶቹ ደህና ይመስሉ ነበር። በ31ኛው ቀን የወለደችው ግን አንዷ ብቻ ናት። ጥፋቱ የሴቶቹ መስሎኝ ሁለቱን ሸጥኳቸው። እስካሁን ይቆጨኛል።

ነገሩ የገባኝ አንድ የእንስሳት ሐኪም ወዳጄ የወንዶቹን የዘር ፈሳሽ በማይክሮስኮፕ ሲያይልኝ ነው። አብዛኛው ዘር አይንቀሳቀስም። ጥንቸል እንደኛ አያልበውም፤ ሙቀቱን የሚያስወጣው በአብዛኛው በጆሮውና በትንፋሹ ነው። አየሩ ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ የወንዱ ዘር ይጎዳል። የዘር ሕዋሱ ሽፋን ቶሎ የሚበላሽ ስብ አለበት፤ ሙቀት ሲበዛ እንደ ከረመ ዘይት ይሆናል።

ስፒሩሊና የተባለውን አልጌ የነገረኝም እሱ ነው። ይህን ብልሽት የሚከላከሉ ቤታ ካሮቲንና ፋይኮሳያኒን የተባሉ ንጥረ ነገሮች አሉት፤ ፕሮቲኑም ከደረቅ ክብደቱ ከግማሽ በላይ ነው። ግብፅ ውስጥ ተመራማሪዎች ሙቀት በጎዳቸው ወንድ ጥንቸሎች ላይ ሞክረውታል። ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ ቢሾፍቱ አጠገብ ያለውን የአረንጓዴ ሐይቅን ውሃ የሚያቀልመው እሱ ነው።

ጎረቤቴ «ቆቃ ላይ በነፃ ሞልቶልህ ለምን ትገዛለህ?» አለኝ። እባካችሁ ይህን እንዳትሞክሩ። ቆቃ ላይ የሚንሳፈፈው አረንጓዴ ነገር ማይክሮሲስቲስ የተባለ ሌላ አልጌ ነው፤ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል። ለዓይን ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው። እኔ ለሰው የሚሸጠውን ዱቄት ገዛሁ፤ ውድ ነው።

መጀመሪያ ብዙ ጨመርኩበት። ሽታውን ጠልተው መኖውን ጥለውት አደሩ። ከዚያ ለአንድ ኪሎ መኖ አንድ ግራም አደረግኩ፤ ፉርሽካውን በትንሽ ውሃ አርሼ ሳሸው ዱቄቱ ከሥር አልቀረም። አልፋልፋውን እንደ ወትሮው ሰጠኋቸው።

ትልቁ ስህተቴ ግን ችኮላ ነበር። ሁለት ሳምንት አብልቼ ለውጥ ስላላየሁ ተውኩት። በኋላ ነው የጥንቸል ዘር ከመጀመሪያው ተፈጥሮ እስኪያልቅ ሰባት ሳምንት ያህል እንደሚፈጅ የሰማሁት። ዛሬ የሚበላው የሚጠቅመው ገና ለሚፈጠረው ዘር ነው። በሁለት ሳምንት ምን ልይ ኖሯል?

በሁለተኛው ዙር አራት ወንዶችን ለየሁ። ሁለቱ ስፒሩሊና በሉ፣ ሁለቱ አልበሉም። አራቱንም ጥላ ሥር አዛውሬ ቀትር ላይ ኬጁን በእርጥብ ጆንያ ሸፈንኩ። ከስምንት ሳምንት በኋላ ወዳጄ ተመልሶ አየልኝ። የአራቱም ዘር ተሻሽሏል! ያልበሉትም ጭምር። ዱቄቱን የበሉት ትንሽ የበለጡ ቢመስሉም በአራት ጥንቸል ይህን አረጋግጫለሁ አልልም። ጥላውና ጆንያው የሠሩትን ግን በዓይኔ አይቻለሁ። አቅም ያጠራችሁ ካላችሁ ገንዘባችሁን መጀመሪያ ጥላው ላይ አውሉት።

ዘንድሮ ዱቄቱን የጀመርኩት በጥምቀት ዕለት፣ ጥር 11 ነው። መጋቢት 1 ሲደርስ 50 ቀን ይሞላል። በዚያን ቀን ሴቶቹን አስገባለሁ። ጆንያዎቹን ከአሁኑ አጥቤ አስቀምጫለሁ።