በሙሉ ድምፅ

ዓለም ገና አካባቢ በሚገኝ አንድ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ቤት በሒሳብ ሠራተኛነት በቆየሁባቸው ዓመታት፣ የቦርዱን ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነበርኩ። ስብሰባው በየሁለት ወሩ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ቡና ይፈላል፣ አጀንዳ ይነበባል፣ እኔ እጽፋለሁ፤ ሰኞ በኮምፒውተር ጽፌ አባላቱን አስፈርማለሁ። የሠራተኛ ደመወዝና የግብር ሰነድ ከማዘጋጀት ጋር ሲነጻጸር ቀላል ሥራ ይመስለኝ ነበር።

ስለ ቦርዱ አባላት አስቀድሜ መናገር አለብኝ፤ ከዚህ በታች የምጽፈው ጥፋት የክፉ ሰዎች ጥፋት ተደርጎ እንዲነበብ አልፈልግም። ስምንት ነበሩ። አበል የላቸውም፤ የታክሲያቸውንም የሚከፍሉት ከኪሳቸው ነው። ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ሲሆኑ የውኃ ጋናችን የተቀመጠበትን የብረት ማማ ንድፍ ያወጡት፣ ሲሠራም ፀሐይ ላይ ቆመው የተቆጣጠሩት እሳቸው ናቸው። የእህል ነጋዴዋ እትዬ ለልጆቹ ምሳ የሚሆነውን ምስርና ክክ በገዙበት ዋጋ ይሰጡን ነበር፤ ኑሮ በተወደደበት ዓመትም ቃላቸውን አላጠፉም። ነርሷ ከሌሊት ተራ ወጥታ ቤቷ ሳትደርስ ወደ ስብሰባ ትመጣለች። የአካባቢው ዕድር ሰብሳቢ አሉ፤ ከተማሪ ቤት ለቅሶ ሲኖር አባል ሆነ አልሆነ ሳይሉ ድንኳን የሚያስጭኑ ሰው። ዳውን ሲንድሮም ያለበት ልጅ እናት አለች፣ ርዕሰ መምህሩ አሉ፣ የመምህራን ተወካይ ደግሞ ራሳቸው ማየት የተሳናቸው፣ በልጅነታቸው ሰበታ መርሐ ዕውራን የተማሩ መምህር ናቸው። ስብሰባ ሲመጡ የብሬል መጻፊያቸውን፣ ስሌት የሚባለውን ሰሌዳና ስታይለስ የሚባለውን መውጊያ ይዘው ነው፤ እኔ በእስክሪብቶ ስጽፍ እሳቸው ወፍራም ወረቀት ላይ ነጥብ በነጥብ ይወጋሉ፣ ድምፁ እንደ ካፊያ ይሰማል።

ስምንተኛው መስማት የተሳናቸው ልጆች ወላጆች ተወካይ ነበሩ። አናጢ ናቸው፣ ዕድሜያቸው አርባ ገደማ፣ ራሳቸውም መስማት የተሳናቸው፤ ልጃቸው አምስተኛ ክፍል ትማርልን ነበር። ሁልጊዜ ከሰዓቱ ቀድመው ይደርሳሉ፣ በሩን ማየት የሚችሉበት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ስብሰባውን የሚያስተረጉሙላቸው የምልክት ቋንቋ መምህራችን ነበሩ። ይህም ራሱ ትክክል እንዳልነበር ዛሬ አውቃለሁ፤ አንድ መምህር የራሱን አለቃ የሚተች ንግግር አለቃው ፊት ሲያስተረጉም ሁለቱም ወገን ይጨነቃል። ያኔ ግን አስተርጓሚ በመኖሩ ብቻ ደስ ብሎን ነበር።

ነገሩ የተፈጠረው በነሐሴ ነው። ለመስከረም ምዝገባው ከጠበቅነው በላይ ሆነ፤ ሦስት ክፍል ጎደለን። አንዱ ብሎክ ጣሪያው ያፈስሳል፣ ለማሠሪያ የተያዘ ገንዘብ የለም። ርዕሰ መምህሩ ያቀረቡት መፍትሔ ፈረቃ ነበር፤ መስማት የተሳናቸው ልጆች ከሰዓት በኋላ ገብተው አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ይውጡ የሚል። ለምን እነሱ ተመረጡ ቢባል ምክንያቱ የርኅራኄ ነበር። ሰብሳቢው እንዲህ አሉ፦ «ማየት የተሳነውን ልጅ በምሽት መንገድ ላይ አንለቀውም። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውንም እንዲሁ። እነዚህ ቢያንስ ዓይን አላቸው፤ መንገዱን ያያሉ።» ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። እኔም ነቅንቄአለሁ።

በዚያን ቀን የምልክት ቋንቋ መምህራችን ለቅሶ ሄደው ነበር። ዓርብ ማታ ደውለው ነግረውኛል። ምትክ መፈለግ የእኔ ድርሻ ነበር። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን በዲግሪ ደረጃ ማስተማር ከጀመረ ቆይቷል፤ ከዚያ የወጡ ሁለት ወጣቶች ስልክ ቁጥርም ነበረኝ። ለአንደኛው ደወልኩ፣ አላነሳም። ለሁለተኛዋ አልደወልኩም። ለአንድ ቀን ብዬ ተውኩት። አናጢውን ጠዋት በር ላይ ሳገኛቸው አስተርጓሚው እንደሌሉ በወረቀት ጻፍኩላቸው፤ አንብበው ትከሻዬን ነካ አደረጉኝና ገብተው ተቀመጡ።

ውይይቱ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ። ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ማየት የተሳናቸው መምህር ስታይለሳቸውን አስቀመጡና እንዲህ አሉ፦ «ጨለማ ለእኔ ተማሪዎች አዲስ ነገር አይደለም። ምሽት ላይ የሚከብደን የመኪናውና የሰው ግርግሩ ነው። መስማት ለተሳናቸው ልጆች ጨለማ ምን እንደሆነ ግን አላውቅም። የልጅቷ አባት እዚህ አሉ አይደል? እሳቸው ምን ይላሉ?»

ጥያቄው ለእኔ ነበር። መምህሩ የአናጢውን ፊት ማየት አይችሉም፤ አናጢው የመምህሩን ድምፅ መስማት አይችሉም። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ እነዚያን ሁለት ሰዎች ማገናኘት የሚችል ሦስተኛ ሰው ብቻ ነው፤ በዚያች ደቂቃ ያ ሰው እኔ ነበርኩ። ሰብሳቢው «እንግዲህ የምትደግፉ» ብለው እጃቸውን ሲያነሡ ሌሎቹ ተከተሉ። አናጢው ግራ ቀኝ አዩ፤ እሳቸውም አነሡ።

«እጃቸውን አንሥተዋል፣ ተስማምተዋል» አልኳቸው።

መምህሩ ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና የእሳቸውንም እጅ አነሡ። እኔም ጻፍኩ፦ «በሙሉ ድምፅ ተወሰነ»። ሰኞ ቃለ ጉባኤው ታትሞ ተፈረመ፣ የፈረቃው ማስታወቂያም በር ላይ ተለጠፈ።

ዘጠኝ ቀን ያህል አለፈ። ለኦዲት ሰነድ ሳደራጅ አምሽቻለሁ፤ ዝናቡ ከቀትር ጀምሮ አላቋረጠም፣ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ውጪው ድንግዝግዝ ብሏል። በሩ ተከፈተና አናጢው ከልጃቸው ጋር ገቡ። ኮታቸው ረጥቧል፣ ፀጉራቸው ላይ የመጋዝ ብናኝ ነበረበት። ጆሯቸው ላይ የሰኩትን ጠፍጣፋ የአናጢ እርሳስ አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ካገኙት የተበላሸ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ጻፉ። የምልክት ቋንቋ ለሚናገር ሰው አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ነው፤ አጻጻፋቸው አጭር፣ ቃል በቃል የተለካ ነበር።

«ፈረቃ እኔ አላወቅኩም። ልጄ ነገረችኝ።»

ቃለ ጉባኤውን አውጥቼ አሳየኋቸው። ለራሴ መከላከያ አድርጌ ያወጣሁት ይመስለኛል። ፊርማቸው ከታች አለ። ጣታቸውን መስመር በመስመር አስኬዱና «በሙሉ ድምፅ» የሚለው ላይ ቆሙ። ከዚያ ጻፉ፦ «እኔም አለሁበት?»

የምመልሰው አጣሁ። ሰኞ ዕለት ሲፈርሙ ሙሉውን አንብበው እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም ነበር፤ ሥራ አስቁሜ፣ በር ላይ፣ የመጨረሻውን ገጽ ብቻ ገልጬ ነው ያስፈረምኳቸው።

እሳቸው አልተቆጡም። ልጅቷን ግድግዳው አጠገብ አቁመው በምልክት አንድ ነገር ነገሯት፤ እሷም መለሰች። ምን እንደተባባሉ ባላውቅም ጨዋታ እንደነበር ከፊቷ ገባኝ፤ ቅንድቧን ከፍ አድርጋ፣ ጉንጯን ነፍታ ነበር የምታወራው። ያኔ አባትየው እጃቸውን ዘርግተው መብራቱን አጠፉ።

ቢሮው ጨለመ። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ይሰማኛል። ከእሱ በታች የእጅጌ መፋተግና የመዳፍ ቀስ ያለ መመታት ሰማሁ፤ አባትየው ለልጃቸው መናገራቸውን አላቆሙም። ከልጅቷ በኩል ምንም የለም። ጥቂት ቆይቶ እግሯ ሲንቀሳቀስ ሰማሁ፣ ከዚያም የአባቷን ኮት ስትይዝ። መብራቱ ሲበራ ልጅቷ በሁለት እጇ የአባቷን እጅጌ ጨብጣ ዓይኗን ከፊታቸው ላይ ሳትነቅል ቆማለች። እሳቸው በደረሰኙ ላይ ጨመሩ፦

«ማታ አንነጋገርም።»

ቀጥለው ቶሎ ቶሎ ጻፉ፤ ደረሰኙ ሲሞላ ሌላ ሰጠኋቸው። በኅዳር ፀሐይ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጥቂት አለፍ ብሎ ትጠልቃለች። ከትምህርት ቤቱ እስከ አስፋልቱ ያለው የጠጠር መንገድ መብራት የለውም። ልጆቹ ታክሲ ሲጠብቁ ረዳቱ የሚጠራውን ሰፈር አይሰሙም፤ ቀን ላይ ከንፈሩን አይተው፣ ወዴት እንደሚሄዱ የሚያውቋቸውን ሰዎች ተከትለው ይሳፈራሉ። ማታ ግን ከንፈርም ሰውም አይለይም። መውረጃቸው ሲደርስ «ወራጅ አለ» ማለት አይችሉም፤ መስኮቱን አይተው የሚያውቁት ሱቅ ሲመጣ ረዳቱን ይነካሉ። በጨለማ መስኮቱ የሚያሳየው የራሳቸውን ፊት ነው። ከኋላ የሚመጣ ሰው ኮቴ አይሰማቸውም። አንዷ ልጅ ብትፈራ አጠገቧ ላለችው ልጅ መንገር አትችልም።

ለልጆቹ ዓይን ስላላቸው ጨለማውን ሰጠናቸው። የሚሰሙበትም የሚናገሩበትም ዓይናቸው እንደሆነ ከስምንት ሰው አንዱ ብቻ ያውቅ ነበር፤ እሱን ደግሞ አልጠየቅነውም።

በማግስቱ ለሰብሳቢው ደወልኩና ቃለ ጉባኤው መታረም እንዳለበት ነገርኳቸው። አልወደዱትም። «የጸደቀ ቃለ ጉባኤ አይፋቅም፤ ማስታወቂያ ወጥቷል፣ ወላጅ ሁሉ ተነግሮታል» አሉ። ቃለ ጉባኤው የጸደቀው በእኔ ውሸት እንደሆነ ስነግራቸው ዝም አሉ። «ተስማምተዋል» ያልኩት ምን እንደተስማሙ ሳላውቅ ነበር፤ ለዚህ ከውሸት ሌላ ስም የለኝም። ቅዳሜ አስቸኳይ ስብሰባ ጠሩ። በዚህ ጊዜ ያኔ ላልደወልኩላት ለሁለተኛዋ አስተርጓሚም ደወልኩ፤ መጣች፣ ክፍያዋንም ከጽሕፈት መሣሪያ ወጪ ላይ አስተካከልኩ።

ስብሰባው ከባድ ነበር። ማየት የተሳናቸው መምህር በብሬል ያሰፈሩትን በጣታቸው እያነበቡ፣ ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 4 ስለ ምን እንደሚናገር አስታወሱን፤ አካል ጉዳተኞችን በሚመለከት ውሳኔ ላይ ራሳቸውን፣ ሕፃናቱንም ጭምር፣ በቅርበት ማማከርና ማሳተፍ ይገባል ይላል። ሰብሳቢው ግዴታው የተጣለው በመንግሥት ላይ ነው ብለው ተከራከሩ። በሕጉ አነጋገር ልክ ነበሩ። መምህሩም «እኛ ከመንግሥት አንሰን እንገኝ?» ብለው መለሱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ባለፈው ጠይቄሽ ነበር» አሉኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ያ ንግግር ከማንኛውም ወቀሳ በላይ እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ።

ነገሩን የለወጡት እትዬ ነበሩ። አናጢው በአስተርጓሚዋ በኩል የታክሲውን ጉዳይ ሲያስረዱ እስከ መጨረሻው አዳመጡና፣ እሷን ትተው ፊታቸውን ወደ አናጢው አዙረው «ዓመት ከስድስት ወር ሙሉ አብረን ስንቀመጥ ከሰላምታ ሌላ ቃል አልተለዋወጥንም። ይቅር ይበሉኝ» አሏቸው። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ውሳኔው ተሻረ።

የክፍሉ ችግር ግን በዚህ አልተፈታም። ያን ዓመት አንዱን ክፍል በኮምፔንሳቶ ለሁለት ከፈልነው፣ የመምህራን ማረፊያውም ክፍል ሆነ፤ መምህራኑ ምሳቸውን ዛፍ ሥር ሲበሉ ከረሙ። የሚያፈስሰው ብሎክ እኔ ከዚያ ሥራ ስለቅም እንደሚያፈስስ ነበር።

ቃለ ጉባኤውን በተመለከተ ሁለት ነገር ተስማማን። አስተርጓሚ ከሌለ ስብሰባ አይከፈትም፤ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊትም እያንዳንዱ አባል በምን ላይ ድምፅ እንደሚሰጥ በራሱ አነጋገር ይናገራል፣ እኔም እንደተናገረው እጽፋለሁ። በዚህ ምክንያት የጥቅምቱ ስብሰባ ሁለት ጊዜ ተሰረዘ። የዕድር ሰብሳቢው አጉረመረሙ፤ ነርሷ ከሌሊት ተራ ወጥታ መጥታ ያለ ስብሰባ ስትመለስ አንጀቴ ተላወሰ። ግን ማንም ሕጉ ይቅር አላለም።

በሦስተኛው ቅዳሜ ተሟልተን ስንቀመጥ አናጢው መጀመሪያ መናገር እንደሚፈልጉ በአስተርጓሚዋ በኩል አሳወቁ። የመጡበት ጉዳይ ፈረቃ አልነበረም። መስማት የተሳናቸው ልጆች ክፍል ውስጥ ዴስኮቹ ከፊትና ከኋላ ተደርድረዋል፤ ከፊት ያለ ልጅ ሲመልስ ከኋላ ያለው የሚያየው ጀርባውን ነው፣ ስለዚህ እርስ በርስ አይደማመጡም አሉ። ዴስኮቹ በግማሽ ክብ መቀመጥ አለባቸው፤ ለዚያ ደግሞ የሁለት ልጅ ረጅሙ ዴስክ ተቆርጦ የአንድ የአንድ መሆን ይኖርበታል። ሥዕሉን በዚያው ጠፍጣፋ እርሳስ ሠርተው አምጥተዋል፣ ልኩ በሴንቲ ሜትር ተጽፎበታል፣ የእጅ ዋጋ አይፈልጉም፣ የሚያስፈልጋቸው ምስማርና የማጣበቂያ ኮላ ነው። መምህሩ ሥዕሉ ሲዞር አስተርጓሚዋን «ቅርጹን እጄ ላይ አሳዪኝ» አሏት። አናጢው ከመቀመጫቸው ተነሥተው ሄዱ፣ የመምህሩን መዳፍ ዘረጉና በጣታቸው ግማሽ ክቡን ራሳቸው ሣሉበት።