ፀሐይ ያጎበጠችው «ለ»

እናቴ አዳማ ውስጥ ከባድ መኪኖች በሚያድሩበት አካባቢ ቁርስ ቤት አላት። ስሙ «ማለዳ» ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ፉሉ ደርሶ ጨጨብሳው ትኩስ ነው፤ ወደ ጅቡቲ የሚወርደው ሾፌር ግን ቤቱ ክፍት መሆኑን የሚያውቀው በሩ ድረስ ከመጣ ብቻ ነበር። በጨለማ ከሩቅ የሚነበብ ስም ያስፈልጋት ነበር። ማስታወቂያ ሠሪዎች የጠሩልን ዋጋ ከአቅማችን በላይ ስለሆነ እኔው ልሥራው ብዬ ተነሳሁ። ሠራሁትም፣ ግን ሁለት ጊዜ። ሁለተኛውን ልፋት የሚያስቀር አንድ ቃል ቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ይህን እጽፋለሁ።

ፊደሎቹን በኢንክስኬፕ፣ በኮምፒውተር መሳያ ፕሮግራም፣ አወጣኋቸው። መጀመሪያ የሞከርኩት ናይላን ነበር። ለንባብ የሚያምር ፊደል ነው፣ ለመብራት ግን አይሆንም፤ አንዱ ጭረት ወፍራም ሌላው ቀጭን ስለሆነ 10 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የኤልኢዲ ስትሪፕ (ጥቃቅን አምፖሎች የተደረደሩበት ጥብጣብ) ቀጭኑ ጋ ሲደርስ መተኛ ያጣል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን በደማቁ ወሰድኩ። እያንዳንዱ ፊደል ውስጡ ባዶ ሳጥን ነው፤ ስትሪፑ ከውስጥ ይተኛል፣ ፊቱ ብርሃን በሚያሳልፍ ነጭ ፕላስቲክ ይሸፈናል። ቁመቱን 40 ሳንቲ ሜትር አደረግሁ። ጥልቀቱን በ3 ሳንቲ ሜትር ስሞክረው አምፖሎቹ አንድ በአንድ እንደ ፈንጣጣ ታዩ፤ 5 ሳደርገው ብርሃኑ ተዋሃደ። ከጓደኛዬ ጋር በጋራ የገዛነው ስሪዲ ፕሪንተር፣ ፕላስቲክ አቅልጦ ዕቃ የሚሠራው ማሽን፣ ጠረጴዛው 22 በ22 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ እያንዳንዱን ፊደል ከፋፍዬ አትሜ አጣበቅኩ። የፊቱን 3 ሚሊ ሜትር ነጭ አክሪሊክ፣ ያንን ጠንካራ የፕላስቲክ ሰሌዳ፣ በሌዘር አስቆርጬ በሲሊኮን አጣበቅኩ። ሌዘር ቤት ስትሄዱ ፎሬክስ የሚባለውን የማስታወቂያ ሰሌዳ ይዛችሁ እንዳትሄዱ፤ ፒቪሲ ነው፣ ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ ሳንባንም ማሽኑንም ይበላል።

በኢንተርኔት ያየኋቸው ቪዲዮዎች በሙሉ የላቲን ፊደል የሚሠሩ ናቸው። የእኛ ፊደል የራሱ ጣጣ አለው። «ማ» ሁለት ዓይን አላት፤ ዓይኖቹ ክፍት እንዲሆኑ ውስጥ ለውስጥ ሌላ ግድግዳ ይፈልጋሉ፣ በዚያ ጠባብ ክብ ዙሪያ ደግሞ ስትሪፑ ወደ ጎን አይታጠፍም። ባለ 12 ቮልቱ ስትሪፕ በየ5 ሳንቲ ሜትሩ ይቆረጣል። ለ«ማ» ብቻ 11 ቁራጭ ቆርጬ እያንዳንዱን በቀጭን ሽቦ ሶልደር ሳደርግ ነጋብኝ። ዛሬ ቢሆን ስትሪፕ አልገዛም። ማስታወቂያ ሠሪዎች የሚጠቀሙበትን፣ ሦስት ሦስት አምፖል በፕላስቲክ ታሽጎ በሽቦ የተቀጣጠለውን ሞጁል ነው የምገዛው። ሁሉም ሰው ቀለም የሚቀያይረውን ስትሪፕ ያወድሳል፤ ለቁርስ ቤት ግን ሞቅ ያለ ነጭ ብርሃን ይበቃል፣ የሚበላሸውም ነገር ያንሳል።

ኤሌክትሪኩ ብዙ አላስቸገረኝም። 6 ሜትር ስትሪፕ፣ በሜትር 14.4 ዋት፣ በድምሩ ከ86 ዋት ትንሽ ይበልጣል። መጀመሪያ ሦስቱን ፊደል በአንድ መስመር ቀጥዬ «ዳ» ስትደበዝዝብኝ በቴስተር ለካሁ፤ መነሻው ላይ 12 ቮልት፣ መጨረሻው ላይ ከ10 ብዙም የማይበልጥ። ለእያንዳንዱ ፊደል ከፓወር ሰፕላዩ፣ የቤቱን ኤሌክትሪክ ወደ 12 ቮልት ከሚቀይረው ሳጥን፣ የራሱን ሽቦ ስስብ ተስተካከለ። የተለመደው ምክር ከፓወር ሰፕላዩ አቅም 20 በመቶ አትርፉ የሚል ነው። እኔ በአዳማ ሙቀት 40 በመቶ አትርፉ እላለሁ፤ መጀመሪያ የገዛሁትን ባለ 120 ዋት አውጥቼ ባለ 150 ካስገባሁ በኋላ ነው በእጄ ስነካው የማያቃጥለኝ።

ከዚያ ፈቃድ። የሄድኩበትን ቢሮ ስም አልጠራም። የመጀመሪያ ቀን የተቀበሉኝ ሰው «ሠርተህ ፎቶውን አምጣ» አሉኝ። ሠርቼ ፎቶውን ሳመጣ ሌላ ሰው የአፋን ኦሮሞው ስም ከላይ፣ ከአማርኛው ባላነሰ መጠን መሆን አለበት አሉኝ። ትእዛዙ ተገቢ ነው፣ የምንኖርበት ከተማ ነው፤ የሚቆጨኝ በመጀመሪያው ቀን አለመነገሩ ነው። ለላይኛው ስም ላሜራ አስቆርጬ ቀለም ቀባሁ፣ ከበላዩ መብራት አደረግሁለት። እስከ ዛሬ ከውስጤ ያልወጣው ግን ሌላ ነው። በአራት ምልልስ ቁመትና ወርድ ተለካ፣ ቋንቋ ታየ፣ ክፍያ ተከፈለ፤ ፊደሉ ከምን እንደተሠራ፣ በምን እንደተያዘ፣ ስንት ኪሎ እንደሆነ የጠየቀኝ አንድም ሰው አልነበረም። ቢጠይቁኝ ምናልባት እኔም ራሴን እጠይቅ ነበር።

በመጋቢት መጀመሪያ ሰቀልነው። የዚያን ሌሊት እናቴ መንገዱን ተሻግራ ቆማ ረጅም ጊዜ አየችው። ምንም አላለችም፤ ነጠላዋን ወደ አፏ አድርጋ ብቻ ቆመች።

በዘጠነኛው ቀን ደወለችልኝ። «አንተ ልጅ፣ ይቺ ፊደል ታማለች መሰለኝ፣ ናና እያት» አለችኝ። ከቀኑ 10 ሰዓት ግድም ደረስኩ። የቤቱ ፊት ወደ ምዕራብ ነው፤ ከ8 ሰዓት ጀምሮ ፀሐይዋ ፊት ለፊት ታርፍበታለች። የፊደሎቹን ጎን ብርሃን እንዳያፈስ ብዬ ጥቁር አድርጌ ነበር ያተምኩት። መሰላል ላይ ወጥቼ «ለ»ን ስነካት እጄን አቃጠለችኝ፤ በአውራ ጣቴ ስጫናት እንደ ሞቀ ሻማ ገባች። የቀኝ እግሯ ወደ ውጭ ጎብጦ ነበር። አክሪሊኩ አብሮ ስላልታጠፈ ሲሊኮኑ በአንድ በኩል ተላቆ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተፈጥሯል። ውስጡን ሳይ ስትሪፑም ማጣበቂያው ለቆ ወደ ታች ተንጠልጥሏል።

ያተምኩበት ፕላስቲክ ፒኤልኤ የሚባለው ነው። ፒኤልኤ 60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ሲደርስ ይለሰልሳል። ይህን አውቅ ነበር! ካርቶኑ ላይም ተጽፏል። ግን 60 ዲግሪ የሚባለውን ከአየሩ ሙቀት ጋር አነጻጸርኩና፣ አዳማ ቢሞቅ ቢሞቅ ከ30ዎቹ አያልፍም ብዬ ተዝናናሁ። ጥቁር ነገር ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ላይ ከአየሩ ምን ያህል እንደሚበልጥ ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም፤ በመጋቢት የቆመ መኪና በር የነካ ሁሉ ያውቀዋል።

ያኔ ማውረድ ነበረብኝ። አላወረድኩም። ሲመሽ ሲቀዘቅዝ ጠነከረ፤ እኔም በሱፐር ግሉና በሽቦ አስሬ «ለጊዜው ይይዛል» ብዬ ሄድኩ። የሰው ዓይን ፈርቼ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ መጥቶ ካደነቀ በኋላ ባዶ ግድግዳ ማሳየት አልፈለግሁም።

ከሦስት ቀን በኋላ፣ እናቴ በሩን ከፍታ ዱካዎቹን ልታወጣ ስትል የ«ለ» አክሪሊክ ወደቀ። የአዳማን ንፋስ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ለዚህ ንፋስ ሲባል ነው ከከተማው ዳር ኮረብታው ላይ እነዚያ ነጫጭ ተርባይኖች የተተከሉት። በክፍተቱ ገብቶ ገነጠለው። ዱካ ከሚደረደርበት ቦታ ላይ፣ በጥግ አርፎ ተሰነጠቀ። ግማሽ ሰዓት ቢዘገይ ኖሮ ሰው ተቀምጦበት ፉል ይበላበት ነበር። እናቴ ስብርባሪውን ጠርጋ በፌስታል አስቀምጣልኝ፣ ስደርስ እጄ ላይ አኖረችውና «ሁሉንም አውርድልኝ፣ ስሙ ይቅርብኝ» አለችኝ። ከዚህ በላይ የተቆጣችኝ ጊዜ አለ፤ ያመመኝ ግን ይኼ ነው።

ሁለተኛውን ለመሥራት ስድስት ሳምንት ፈጀብኝ። ሙቀት የሚችል ፕላስቲክ ግዛ ያሉኝ ነበሩ፤ ፔትጂ እስከ 80 ዲግሪ ግድም፣ ኤኤስኤ ከዚያም በላይ ይቋቋማል። እውነት ነው፣ ግን እምነቴ ተሟጥጦ ነበር። ጎኖቹን በላሜራ አሠራሁ። ብረት ሠሪው በወረቀት ያተምኩትን ፊደል ላሜራው ላይ ለጥፎ፣ በመቀስ ቆርጦ የ«ማ»ን ዓይን በቧንቧ ላይ እየቀጠቀጠ ሲያዞረው አንድ ከሰዓት ነው የፈጀበት፤ እኔ በፕሪንተር ሳምንት የፈጀብኝን። ውጪውን ነጭ ቀባን። አክሪሊኩን ሲሊኮን ብቻ ሳይሆን በየፊደሉ ስድስት ብሎን ይዞታል፤ ቀዳዳዎቹን ከብሎኑ ሰፋ አድርጌ በሳኋቸው፣ አክሪሊክ ሲሞቅ ይለጠጣልና። ስትሪፑን በማጣበቂያው አላመንኩትም፣ በየአሥር ሳንቲ ሜትሩ በሲሊኮን ነጠብጣብ ያዝኩት። ከታች ውሃና ላቦት የሚወጣበት ቀዳዳ አለ። ብረት ስለሆነ የመሬት ገመድ አሰርኩለት፤ ማንም ያለዚህ እንዳይሰቅል።

ከመስቀሌ በፊትም ሁለት ሳምንት ሙሉ ጣሪያ ላይ ፀሐይ አስመታሁት። ጠዋትና ማታ እየወጣሁ በእጄ እገፋው ነበር። እናቴ «አሁንስ አመንከው?» ስትለኝ ነው ያወረድኩት።

አሁን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሳይሞላ ይበራል። «ዳ» ላይ ግን ከታች በኩል ትንሽ ጥላ አለ፤ ስትሪፑ ስላጠረኝ አራርቄ ለጠፍኩት። ከመንገድ ማዶ አይታይም፣ እኔ ግን አያለሁ። ክረምቱ ሲወጣ ብሎኖቹን ፈትቼ ሁለት ቁራጭ እጨምርበታለሁ።