ድሬ ላይ የተከፈተ ናፍጣ ደንገጎ ላይ ያጨሳል

ባለ 3ኤል ሞተር ሃይሉክስ ወይም ባለ 1ኤችዜድ ሞተር ላንድክሩዘር ፒካፕ ያለው ሰው ጋራዥ ሲገባ የሚለው ይታወቃል፤ «ጉልበት አጥታለች፣ ናፍጣውን ከፈት አርግልኝ።» መካኒኩም ካቻቢቴውን ይዞ የፖምፓውን (ናፍጣ በግፊት ወደ ሞተሩ የሚልከውን) የናፍጣ መጠን ብሎን ግማሽ ዙር ያዞራል። ድሬዳዋ ውስጥ ሳቢያን ሜዳ ላይ መኪናዋ ትበራለች። አሥር ኩንታል ተጭኖባት ወደ ሐረማያ የሚያወጣውን የደንገጎን ዳገት ስትያያዝ ግን ከኋላ ያለው ሚኒባስ መስኮት እስኪዘጋ ድረስ ጥቁር ጭስ ትለቃለች፤ የሙቀት መለኪያውም ሽቅብ ይወጣል።

ነገሩ የአየር ነው። ድሬዳዋ ከባህር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፤ ሐረማያ ስትደርሱ 2,000 ሜትር ገደማ ወጥታችኋል። እዚያ ያለው አየር ከባህር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፣ ከድሬው እንኳ አሥር በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ቱርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር የሚስበው አየር ሲያንስ ፖምፓው ግን ያንኑ ናፍጣ መላኩን ይቀጥላል። ከፍታ ሲጨምር ናፍጣ የሚቀንስ ክብ ቆርቆሮ ያለባቸው የቶዮታ ፖምፓዎች አሉ፤ ያገለገለ ፖምፓ የምትገዙ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ፈልጉ። ለእኛ መንገድ ከማንኛውም «ትልቅ ኖዝል» (ሲሊንደር ውስጥ ናፍጣ የሚረጭ ጫፍ) ይበልጣል።

ስለዚህ ለናፍጣ መስመሩ የመደባችሁት ገንዘብ ከታንከሩ ይጀምር፣ ብሎኑ መጨረሻ ላይ ይምጣ።

ጉልበት ያጣ አሮጌ ናፍጣ መኪና ብዙ ጊዜ የጎደለው የናፍጣ መጠን አይደለም፤ ናፍጣው በነፃነት አይደርሰውም። ይህን ለማወቅ አምስት ሊትር ንጹሕ ናፍጣ የያዘ ጀሪካን ይበቃል። ጀሪካኑን ከፖምፓው ከፍ አድርጋችሁ፣ ከማርሚታና ከባትሪ አርቃችሁ አስቀምጡ። ከፊልትሮው ወደ ፖምፓ የሚሄደውን ቱቦ ነቅላችሁ በምትኩ ከጀሪካኑ የሚመጣ 8 ሚሊ ቱቦ ግጠሙ፤ የመመለሻውንም ቱቦ ወደዚያው ጀሪካን መልሱ። መኪናዋ ቆማ ሞተሩን አስነሡና ነዳጅ እየሰጣችሁ አዳምጡ። መንተክተኩ ከጠፋና ሞተሩ ሳይንገራገር ዙሩን ከጨመረ ፖምፓው ጤነኛ ነው፤ ችግሩ ከኋላው ነው፣ ማለትም ፊልትሮው፣ ቱቦው፣ ታንከሩ ውስጥ ያለችው ወንፊት ወይም ታንከሩ ራሱ። የታንከር ክዳንም አትናቁ። መተንፈሻው በአቧራ ሲደፈን ታንከሩ ውስጥ ባዶነት ይፈጠራል፤ ክዳኑን ስትከፍቱ «እስስ» ብሎ አየር ከሳበ ማጽዳት ነው፣ ወጪ የለውም።

ጠዋት ተነሥታ ወዲያው የምትጠፋ መኪና ደግሞ አየር እየሳበች ነው። ከፊልትሮው መውጫ ላይ አንድ ስንዝር ጥርት ያለ ቱቦ ለሙከራ ግጠሙና አረፋ ይታይ እንደሆነ ተመልከቱ። አረፋ ካለ ከሁሉ በፊት የሚጠረጠረው ፊልትሮው ራስ ላይ ያለው የእጅ ፖምፓ ነው፤ ውስጡ ያለው ጎማ ሲያረጅ ናፍጣ ወደ ውጭ ሳያንጠባጥብ አየር ወደ ውስጥ ያስገባል። ለዚህ ነው «ምንም አይፈስም» የሚባለው። ሙከራው ሲያልቅ ጥርት ያለውን ቱቦ ንቀሉት። ጥርት ያለው የውሃ ቱቦ የድሬ ሙቀትና ናፍጣ ሲገናኙበት በጥቂት ወራት እንደ እንጨት ይደርቃል፣ ከዚያም ይሰነጠቃል። ለናፍጣ የተሠራ የጎማ ቱቦ ግዙ።

ውሃና ቆሻሻን በተመለከተ፣ ናፍጣው ከጅቡቲ በቦቴ መጥቶ ማደያ እስኪገባ ብዙ እጅ ያልፋል። ሰልፍ ሲበዛና ከጀሪካን ሲገዛ ደግሞ ሌላ ነው። ስለዚህ ከማንኛውም ነገር በፊት ውሃ የሚለይ ቅድመ ፊልትሮ፣ ከታች ብርጭቆ ያለው፣ በቻሲው ላይ ከማርሚታ ራቅ አድርጋችሁ አስገጥሙ። እዚህ ላይ የሚሳሳተው ብዙ ነው፤ «የደቀቀ ይሻላል» ብሎ 2 ማይክሮን (ቁጥሩ ሲያንስ የሚያጣራው የደቀቀ ነው) ይገዛል። ፖምፓው ራሱ እየሳበ የሚሠራ ስለሆነ 2 ማይክሮን ከፊቱ ስታስቀምጡ እንደ ደፈናችሁት ቁጠሩት። ቅድመ ፊልትሮው 30 ማይክሮን ይሁን፤ ራኮር የሚባለው ብራንድ ከሆነ ቀዩ ነው፣ ሰማያዊው 10፣ ቡናማው 2 ነው። ማድቀቁን ለዋናው ፊልትሮ ተዉለት። ዋናውን በዚህ አቧራ በየ5,000 ኪሎ ሜትር ቀይሩ፤ የታችዋን ማፍሰሻ ደግሞ በሳምንት አንዴ ፈታ አድርጋችሁ የእጅ ፖምፓውን አሥር ጊዜ ያህል ተጫኑና የወጣውን በብርጭቆ ተቀበሉ። ውሃ ከሆነ ከሥር ተለይቶ ይቀመጣል።

አሁን ወደ ፖምፓው። የድሬ ከሰዓት በኋላ የሚያጋልጠው አንድ በሽታ አለ፤ ጠዋት በአንድ ሞቶሪኖ (የሞተር ማስነሻ) ትነሣለች፣ ከፊራ ገበያ ገብታችሁ ሃያ ደቂቃ ቆማ ስትመለሱ ግን አልነሣም ትላለች። ባትሪና ሞቶሪኖ ከመቀየራችሁ በፊት ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ነክሩና ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ፖምፓው ላይ ብቻ አልብሱት፤ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ላይ ውሃ እንዳይፈስ። አሥር ደቂቃ ጠብቃችሁ ስትሞክሩ ከተነሣች የፖምፓው ውስጥ ተበልቷል ማለት ነው። ናፍጣ ሲሞቅ ይቀጥናል፤ በተበላው ክፍተት ያፈተልካል፤ ሞቶሪኖ በሚያዞረው ዝግተኛ ዙር ደግሞ ኖዝሉን የሚከፍት ግፊት ላይ አይደርስም። የዚህ ፖምፓ ቅባቱ ራሱ ናፍጣው ነው፤ ላምባ የተቀላቀለበት ናፍጣ ፈጥኖ የሚበላውም ለዚህ ነው። መድኃኒቱ ውስጡን ቀይሮ በማሽን ላይ ማስለካት ብቻ ነው። ብሎን ማዞር ለጥቂት ሳምንት ይሸፍነዋል፣ አያድነውም።

ፖምፓው ከወረደ አይቀር የፊት ዘይት ማኅተሙን (ፍሳሽ የሚከለክለውን የጎማ ቀለበት) አስቀይሩ። በእነዚህ ሞተሮች ፖምፓውን የሚያዞረው የታይሚንግ ቺንጊያ (የቫልቭና የፒስተን እንቅስቃሴ የሚያስማማው ጥርሳም ቀበቶ) ነው። ማኅተሙ ካለቀ ናፍጣው በሽፋኑ ውስጥ ቺንጊያውን ያርሰዋል፣ ጎማውም ይላላል፤ ጥርስ ዘለለ ማለት ቫልቭና ፒስተን ተገናኙ ማለት ነው። ቺንጊያው 100,000 ኪሎ ሜትር ከተጠጋ አብሮ ይቀየር፣ የሥራው ዋጋ አንድ ነው።

የኤሌክትሪክ መሳቢያ ፖምፓ ማስገጠም ታንከሩ ሩቅ ለሆነ ወይም ሁለት ታንከር ላለው ላንድክሩዘር ይጠቅማል። ግፊቱ ከ0.2 እስከ 0.4 ባር ይሁን። የቤንዚን ኢንጀክሽን መኪና ፖምፓ ሦስት ባር ይገፋል፤ ያን ካሰራችሁ ቅድም ያልነው ማኅተም አይተርፍም። የኤሌክትሪክ መስመሩን በሪሌይና በሞተር ዘይት ግፊት ማብሪያ አሳልፉት፤ መኪናዋ ተገልብጣ ሞተሩ ቢጠፋ ናፍጣ መግፋቱን ያቆማል።

ኖዝሎች። መሞከሪያ ላይ የመክፈቻ ግፊታቸው ወደ 150 ባር መሆን አለበት፣ በመካከላቸውም ያለው ልዩነት ከ5 ባር እንዳይበልጥ። አንዱ 120 ላይ የሚከፍት ከሆነ እሱ ሲሊንደር ቀድሞ ይተኩሳል፤ ያ የብረት ንኳኳታ የሚመጣው ከዚያ ነው። የሚያንጠባጥብ ጫፍ ግፊቱ ቢስተካከልም ይጣላል። ሲገዙ አሮጌው ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ይዞ መሄድ ነው፤ «ያው ነው፣ ይገባል» የሚለው ነጋዴ ልክ ነው፣ መግባቱ ይገባል። ኖዝሉ ሲመለስ የመዳብ ዋሸሩ አዲስ ይሁን፣ በ3ኤል ላይ የማጥበቂያ ኃይሉ 64 ኒውተን ሜትር ነው። መሞከሪያው ላይ ግን እጃችሁን ከሚረጨው ፊት አታስቀምጡ፤ ቆዳ በስቶ ይገባል፣ ትንሽ ቀዳዳ ቢመስልም በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል የሚያስኬድ ነው።

ቱርቦ መግጠም ሌላ ፕሮጀክት ነው። የ1ኤችዜድ ቴስታታ ሙቀት ሲበዛበት በቫልቮቹ መካከል እንደሚሰነጠቅ እያወቃችሁ የምትገቡበት ስለሆነ፣ የጭስ ሙቀት መለኪያ ሳይኖር አትጀምሩ።

ይህ ሁሉ ካለቀ፣ አሁን የፖምፓው ብሎን። ብሎኑንና ማጥበቂያውን በቀለም አንድ መስመር አስምሩባቸው፣ መመለሻችሁ ያ ነው። አንድ ስምንተኛ ዙር ብቻ ወደ ውስጥ። ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይሰጥ ሞተሩ የሚዞርበት ዙር) ከፍ ካለ በራሱ ብሎን መልሱት፤ ሞተሩ ወደ ሚኒሞ አልመለስም ካለ ከልክ አልፋችኋል። ከማርሚታው በፊት የጭስ ሙቀት መለኪያ ካለ ከ650 ዲግሪ በላይ በዳገት ላይ እንዳይቆይ። ከዚያ የተለመደውን ጭነት ጭናችሁ፣ ከሰዓት በኋላ በሙቀቱ፣ ደንገጎን በሦስተኛ ማርሽ ውጡና በመስታወት ተመልከቱ። ስስ ጉም የመሰለ ጭስ ይፈቀዳል። ኩርባውን የሚያጠቁር ከሆነ ዳር ይዛችሁ፣ ሞተሩ ትንሽ ሲበርድ፣ ያችን አንድ ስምንተኛ መልሷት።