ፓስወርዶችን ከኤምዲ5 ወደ አርጎን2 እንዴት እንዳሻገርኩ

አንድ ሲስተም ከሌሎች ተረከብኩ። ኮዱ ንጹሕ ነው፣ ፍጥነቱም ጥሩ ነው። የፓስወርድ አያያዙ ግን እንቅልፍ የሚነሳ ነበር። የተጠቃሚዎች ሠንጠረዥ ላይ ያለው የፓስወርድ ዓምድ ከላይ እስከ ታች ተራ ኤምዲ5 ነው፤ ፓስወርድን ወደማይነበብ ጽሑፍ፣ ወደ ሃሽ፣ የሚቀይር አሮጌ ስልት። ሶልት፣ ማለትም ሃሽ ከመደረጉ በፊት ለእያንዳንዱ ፓስወርድ ለየብቻ የሚጨመር የዘፈቀደ ጽሑፍ፣ የለውም።

ጉዳዩን ለባልደረቦቼ ለማስረዳት ረጅም ንግግር አላስፈለገኝም። ዳታቤዙን አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁት፦ ተመሳሳይ ሃሽ ያላቸውን ተጠቃሚዎች ቆጥሮ ከብዙ ወደ ጥቂት እንዲደረድርልኝ። ዝርዝሩ ወጣ። አናቱ ላይ የተቀመጠው ሃሽ የ123456 ነበር። ከሥሩ የተከተሉትም ያው የተለመዱት ናቸው። ማንም ምንም አልሰበረም። ሶልት ከሌለ አንድ ዓይነት ፓስወርድ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሃሽ ይሰጣል፤ ስለዚህ የአንዱን ያወቀ የሁሉንም ያውቃል። የተለመዱ ፓስወርዶች ሃሽ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ኮፒ አድርጎ በመፈለግ ብቻ ይገኛል።

ወዲያው አንድ ጥያቄ ተነሳ። «ታዲያ ኤስኤችኤ-256 የሚባለውን አዲሱን የሃሽ ስልት ብናደርገው አይበቃም?» ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ጋ ነው። ኤምዲ5 በ1991 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሲነደፍም ሆነ ኤስኤችኤ-256 በኋላ ሲመጣ፣ ሁለቱም የተሠሩት ፈጣን እንዲሆኑ ነው። ትልቅ ፋይል ሳይነካ መድረሱን ማረጋገጥ ስትፈልጉ ፍጥነት በረከት ነው። ለፓስወርድ ግን ፍጥነቱ የሚያገለግለው ሰባሪውን ነው።

ቁጥሩን እንየው። ስምንት የእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት ብቻ ያሉት ፓስወርድ 209 ቢሊዮን ያህል አማራጭ አለው። አንድ ዘመናዊ ጂፒዩ (የግራፊክስ ማቀነባበሪያ) ብቻውን በሰከንድ ከ10 ቢሊዮን በላይ ኤምዲ5 ያሰላል። ሁሉንም አማራጭ ለመጨረስ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅበትም። አሁን እያንዳንዱ ሙከራ አንድ አሥረኛ ሰከንድ እንዲወስድ አድርጉት። አንድ በአንድ ከተሞከረ ያው ሥራ ከ600 ዓመት በላይ ይፈጃል። ሰባሪው ብዙ ማሽን ሊደረድር ይችላል፤ የሚከፍለው ዋጋ ግን ጨርሶ ሌላ ነው። ለተጠቃሚው ደግሞ አሥረኛ ሰከንድ ምንም አይደለም፤ አይሰማውም።

ነገሩ አዲስ ግኝት አለመሆኑ ነው የሚገርመኝ። ሮበርት ሞሪስና ኬን ቶምፕሰን ዩኒክስ የተባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም የፓስወርድ አያያዝ በጻፉበት በ1979 ሶልትም ሆን ብሎ ማዘግየትም ነበሩ። ከዚያ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ2012፣ ከሊንክድኢን የሾለኩት 6.5 ሚሊዮን ገደማ ሃሾች ሶልት የሌላቸው ኤስኤችኤ-1 (ሌላ ፈጣን የሃሽ ስልት) ነበሩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን ሥራውን ያኔውኑ ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ውሳኔ የራሴን ምንም ነገር ላለመፍጠር ነበር። «ሁለቴ ሃሽ እናድርገው፣ መሃሉ ላይ የራሳችንን ሚስጥራዊ ቃል እንጨምርበት» የሚሉ ሐሳቦች ሁሌም ይመጣሉ። ለዚሁ ሥራ የተሠራ፣ ብዙ ሰው ለዓመታት ሊሰብረው የታገለ ላይብረሪ (ዝግጁ ኮድ) እያለ ይህ ድካም ለምን? ምርጫው በሁለት የፓስወርድ ሃሽ ስልቶች መካከል ነበር። ቢክሪፕት በ1999 ኒልስ ፕሮቮስና ዴቪድ ማዚየር ያቀረቡት ነው፤ ዕድሜ ጠገብ ነው፣ በየቋንቋው አለ፣ ዛሬም ይሠራል። አርጎን2 ደግሞ በ2015 የፓስወርድ ሃሺንግ ውድድሩን ያሸነፈው ነው። ልዩነቱ አርጎን2 ጊዜ ብቻ ሳይሆን ሜሞሪም ይበላል። ጂፒዩ በሺህ የሚቆጠር ስሌት ጎን ለጎን ያስኬዳል፤ እያንዳንዱ ስሌት ብዙ ሜጋባይት ሲጠይቅ ግን ያ ጉልበቱ ይዳከማል።

ወደ አርጎን2 ያጋደልኩት ግን በዚህ ብቻ አይደለም። በግዕዝ ፊደል ምክንያትም ነው። ይህን የምታነቡ ሰዎች ሁሉ የሚመለከታችሁ ስለሆነ እዚህ ጋ ቆም ልበል።

ቢክሪፕት ከፓስወርዱ የሚያነበው የመጀመሪያዎቹን 72 ባይት ብቻ ነው። በእንግሊዝኛ ፊደል 72 ባይት 72 ፊደል ነው፤ ይበቃል። የእኛ ፊደል ግን በዩቲኤፍ-8 (ፊደላት በኮምፒውተር በሚቀመጡበት የተለመደ ሥርዓት) አንዱ ሦስት ባይት ይወስዳል። 72 ለሦስት ሲካፈል 24 ነው። አንድ ሰው ጠንካራ ፓስወርድ ይሁንልኝ ብሎ ረዘም ያለ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ቢያስገባ፣ ከሃያ አራተኛው ፊደል አካባቢ በኋላ ያለው ሁሉ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። መጨረሻውን አሳስቶ ቢጽፈውም ይገባል። ጎ የተባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ የቢክሪፕት ላይብረሪ ከ72 ባይት ሲበልጥ ስህተት ብሎ ይመልሳል፤ ይህ ቢያንስ ያስጠነቅቃል። ዝም ብለው የሚቆርጡ ግን ብዙ ናቸው። አርጎን2 ላይ ይህ ጣጣ የለም።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር አለ። የፓስወርድ ርዝመት የሚለካው ኮድ ባይት እየቆጠረ ከሆነ «ቢያንስ ስምንት» የሚለው ሕግ በአማርኛ ሦስት ፊደል ብቻ ይሟላል፤ ሦስት ፊደል ዘጠኝ ባይት ነዋ። የምትጠቀሙበት የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ፊደል ይቁጠር ባይት፣ አረጋግጡ።

ላይብረሪውን መጠቀም ራሱ ቀላል ነው። ሁለት ተግባር ነው ያለው፦ ሃሽ የሚያደርግና የሚያረጋግጥ። ሶልቱን ራሱ ይፈጥራል፤ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ አዲስ። የሚመልሰው አንድ ረጅም የጽሑፍ መስመር ነው፤ በዶላር ምልክት ተከፋፍሎ የስልቱ ስም፣ ስሪቱ፣ የሜሞሪው መጠን፣ የዙሩ ብዛት፣ ሶልቱ፣ በመጨረሻም ሃሹ ይቀመጣሉ። ሁሉም በአንድ መስመር ስላለ ለሶልት ሌላ ዓምድ አያስፈልግም። ብዙ ሰው ሶልቱ እንዲህ በግልጽ መቀመጡ ያሳስበዋል። አያሳስብ። ሶልት ሚስጥር አይደለም፤ ሥራው አንዱን የሰበረ ሰው ሁሉንም እንዳያገኝ ማድረግ ነው።

ነባሩ ዓምድ ግን የተለካው በኤምዲ5 ልክ ነበር፦ 32 ፊደል። የአርጎን2 መስመር ወደ 100 ይጠጋል። ዓምዱን ወደ 255 አሰፋሁት። አንዳንድ ዳታቤዝ አላላ ተደርጎ ከተዋቀረ የማይበቃውን ጽሑፍ ቆርጦ ያስቀምጣል እንጂ አይጮኽም፤ ያኔ ማንም ሰው በትክክለኛ ፓስወርዱ መግባት ያቅተዋል።

ልኩን መወሰን ነው ጊዜ የወሰደብኝ። የኦዋስፕ (የሶፍትዌር ደኅንነት ድርጅት) ምክር ለአርጎን2አይዲ፣ ለፓስወርድ ለሚመከረው የአርጎን2 ዓይነት፣ ቢያንስ 19 ሜቢባይት (ከሜጋባይት ጥቂት የሚበልጥ መለኪያ) ሜሞሪ፣ ሁለት ዙርና አንድ መስመር (ጎን ለጎን የሚሄድ ስሌት) ነው። የአርጎን2 ይፋዊ ሰነድ የሆነው አርኤፍሲ 9106 ደግሞ ሜሞሪው ጠበብ ላለበት 64 ሜቢባይት፣ ሦስት ዙርና አራት መስመር ይላል። ትልቁን ቁጥር ማንሳት ያጓጓል። ነገር ግን አስሉት፦ 50 ሰው በአንድ ጊዜ ቢገባ፣ እያንዳንዱ 64 ሜቢባይት ሲይዝ 3,200 ሜቢባይት ይሆናል። 4 ጊጋባይት ሜሞሪ ላለው ሰርቨር ይህ ማነቆ ነው። እኔ በራሱ በሰርቨሩ ላይ ለካሁ፤ በላፕቶፔ ላይ አይደለም። ከኦዋስፕ ልክ ተነስቼ፣ አንድ ማረጋገጫ አሥረኛ ሰከንድ እስኪጠጋ ድረስ ዙሩን ጨመርኩ። በአንድ ጊዜ የሚሠሩትን ማረጋገጫዎችም ገደብኳቸው፤ ከገደቡ በላይ ያለው ወረፋ ይጠብቃል። ስሌቱንም ሌላውን ጥያቄ እንዳያግድ ለብቻው በሚሠራ ክር (ትሬድ) ላይ አስቀመጥኩት።

የርዝመት ጣሪያም አስፈልጓል። በ2013 ጃንጎ በተባለው የዌብ መሥሪያ ላይ የታየው ችግር ይህ ነበር፦ ሰዎች እጅግ ግዙፍ ጽሑፍ እንደ ፓስወርድ እየላኩ ሰርቨሩን በስሌት ማስጨነቅ ይችሉ ነበር። ጣሪያው ግን ሰፊ ይሁን። የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም ኒስት ቢያንስ 64 ፊደል ድረስ ፍቀዱ ይላል። ባይት ሳይሆን ፊደል መሆኑን አሁንም ልብ በሉ።

አሁን ወደ ከባዱ ሥራ እንምጣ፤ ነባሮቹ ተጠቃሚዎች። ሃሽ ወደ ኋላ አይመለስም፤ ስለዚህ ፓስወርዳቸውን አውጥቼ በአዲሱ ላስቀምጥ አልችልም። አንዱ መንገድ እያንዳንዱ ሰው ሲገባ ጠብቆ መቀየር ነው። ችግሩ ለዓመት ያልገባ ሰው ለዓመት በኤምዲ5 ይቀመጣል። እኔ የመረጥኩት መጠቅለልን ነው። ያለውን ኤምዲ5 ራሱን እንደ ፓስወርድ ቆጥሬ በአርጎን2 ሃሽ አደረግሁት፤ ከጎኑም «የተጠቀለለ» የሚል ምልክት ጨመርኩ። ሥራው ከበስተጀርባ ቀስ እያለ ሄደ። ሲያልቅ ሠንጠረዡ ላይ አንድም ራቁቱን የቀረ ኤምዲ5 አልነበረም።

ሰው ሲገባ ኮዱ ምልክቱን ያያል። የተጠቀለለ ከሆነ የተጻፈውን ፓስወርድ በኤምዲ5 አሳልፎ ከዚያ በአርጎን2 ያረጋግጣል። ልክ ከሆነ፣ እውነተኛው ፓስወርድ እጁ ላይ ባለበት በዚያችው ቅጽበት፣ በቀጥታ በአርጎን2 ሃሽ አድርጎ ያስቀምጥና ምልክቱን ያነሳል። ተጠቃሚው ምንም አያውቅም።

ይህን በቢክሪፕት የምትሠሩ ከሆነ ኤምዲ5ውን በጥሬ ባይት አትስጡት። መሃሉ ላይ ዜሮ ባይት ሊኖር ይችላል፤ እዚያ ሲደርሱ ጽሑፉ አለቀ ብለው የሚያቆሙ ላይብረሪዎች አሉ። በተለመደው የ32 ፊደል ጽሑፍ መልክ ስጡት።

መጠቅለሉ ጊዜያዊ ድልድይ መሆኑን ግን አምናለሁ። ከሌላ ሲስተም የሾለከ የኤምዲ5 ዝርዝር በእጁ ያለ ሰው፣ ዝርዝሩን እንደ ግምት ተጠቅሞ ከእኛ ጋር የሚገጥመውን ሊፈልግ ይችላል። ስለዚህ ቀን ቆረጥን። እስከዚያ ያልገቡትን ሰዎች ሃሽ ጨርሰን አጠፋን፤ ሲመለሱ በኢሜይል አዲስ ፓስወርድ ያወጣሉ።

ከላይብረሪው ውጭ ያለው ሥራ ከላይብረሪው ይበልጥ ነበር፤ ከዚህ ሁሉ የተማርኩትም ይህንኑ ነው። ለምሳሌ ሎጉን፣ ሲስተሙ የሚሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበትን ፋይል፣ ላሳያችሁ። ሲስተሙ ስህተት ሲያጋጥመው የመጣውን ፎርም እንዳለ ሎግ ላይ ይጽፍ ነበር። የመግቢያው ገጽ ላይ ስህተት ሲፈጠር ምን ይጻፋል? ስሙም ፓስወርዱም፣ ፊት ለፊት። ዳታቤዙን የፈለገውን ያህል ብናጠነክረው፣ ሎጉን ማንበብ የሚችል ሁሉ ፓስወርዱን ያነባል። ትዊተር በ2018 ያሳወቀው ይህንኑ ዓይነት ነገር ነበር፤ ቢክሪፕት ይጠቀሙ ነበር፣ ግን ፓስወርዱ ሃሽ ከመሆኑ በፊት ውስጣዊ ሎግ ላይ ይጻፍ ነበር። የፓስወርድ መስኮቹን ከሎግ አስወጣሁ፤ አሮጌዎቹንም ሎጎች አጠፋን።

ባክአፕም እንዲሁ። አዲሱ ሠንጠረዥ ምን ቢያምር፣ ካለፈው ወር የተቀመጠ ቅጂ ላይ ኤምዲ5ው እንዳለ ተኝቷል። የአሽሊ ማዲሰን (የፍቅር ጓደኛ መፈለጊያ ድረ ገጽ) ዳታ በ2015 ሾልኮ ሲወጣ ፓስወርዶቹ በቢክሪፕት፣ በ12 ልክ (የማዘግየት ደረጃ) በደንብ የተቀመጡ ነበሩ። ሌላ ዓምድ ላይ ግን ከፓስወርዱ የተሠራ የኤምዲ5 መለያ ነበር። በዚያ በኩል ከ11 ሚሊዮን በላይ ፓስወርድ ተሰበረ። ስለዚህ ኮዱ ውስጥ ፓስወርዱ የሚነካበትን እያንዳንዱን ቦታ ፈለግሁ፤ «አስታውሰኝ» የሚለውንም ጭምር።

ሌላው የሌለ ተጠቃሚ ጉዳይ ነው። ስሙ ከሌለ ኮዱ ቶሎ «አይደለም» ይላል፤ ካለ ደግሞ አሥረኛ ሰከንድ ይቆያል። ከውጭ ያለ ሰው በዚህች ልዩነት ብቻ ማን አካውንት እንዳለው ይለያል። መፍትሔው ስሙ ባይኖርም በአንድ የውሸት ሃሽ ላይ ማረጋገጫውን ማስኬድ ነው። መልእክቱም ለሁለቱም አንድ ይሁን።

ልኩን ለወደፊት መቀየር ቀላል ነው። ብዙ ላይብረሪዎች «ይህ ሃሽ በአሁኑ ልክ ነው ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ተግባር አላቸው። በፕሮግራሚንግ ቋንቋዎቹ ፒኤችፒ ላይም ፓይተን ላይም አለ። ሰው በገባ ቁጥር እጠይቃለሁ፤ ካልሆነ እዚያው አድሳለሁ። ሰርቨሩ ሲጠነክር ቁጥሩን ብቻ መለወጥ ነው፤ የቀረውን ራሱ ይጨርሰዋል።

በመጨረሻ ቴስት ጻፍኩ። አንድ ዓይነት ፓስወርድ ያላቸው ሁለት ተጠቃሚዎች የተለያየ ሃሽ እንዲኖራቸው። ረጅም የአማርኛ ዓረፍተ ነገር የመጨረሻ ፊደሉ ብቻ ሲቀየር እንዳያስገባ። የተጠቀለለው አንዴ ከገባ በኋላ ምልክቱ እንዲነሳ። የመግቢያ ገጹ ሆን ተብሎ ስህተት ሲፈጠርበት ሎጉ ላይ ፓስወርዱ እንዳይገኝ። ኮድ በተቀየረ ቁጥር እነዚህ ይሮጣሉ፤ አንዱ ከወደቀ አዲሱ ኮድ አይወጣም።