ያልቆረጥሁት ደረሰኝ

ደብረ ማርቆስ ላይ የጥብቅና ሥራ በጀመርሁ በሦስተኛው ዓመት፣ አራተኛ ክፍል ያስተማሩኝ ጡረተኛ መምህርት የተሰነጠቀ ግድግዳ ፎቶግራፍ ይዘው ቢሮዬ መጡ። ቤታቸው ያረፈው በዋልካ አፈር ላይ ነው። ዋልካ ክረምት ውኃ ጠጥቶ እንደሚያብጥ፣ በጋ ደርቆ እንደሚሰነጠቅ የጎጃም ገበሬ ሁሉ ያውቃል፤ ተቋራጩ ግን መሠረቱን በውሉ ከተጻፈው ጥልቀት አሳንሶ ቆፍሮ፣ ጥፋቱን በዝናቡ አላከከ።

ዋናው ክርክር ብዙ አላስቸገረኝም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3039 ተቋራጩን ለሥራው ደኅንነትና ለሕንፃው ጥንካሬ ከርክክቡ ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ ያደርገዋል፤ በችሎቱ ትእዛዝ መሠረቱን ያስቆፈረው ባለሙያም ጉድለቱን ለክቶ አቀረበ። ተፈረደልን፤ በውሳኔው መጨረሻም ከሳሽ የወጪና ኪሣራ፣ ማለትም ለክርክሩ ያወጡትን ገንዘብ፣ ዝርዝር የማቅረብ መብታቸው እንደተጠበቀ ተገለጸ።

በ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከቁጥር 462 ጀምሮ እንደተደነገገው፣ ኪሣራውን ማን ይክፈል፣ ምን ያህል ይሁን የሚለውን በመሠረቱ የሚወስነው ፍርድ ቤቱ ነው፤ ረቺው ወገንም ለዳኝነት፣ ለምስክርና ለጠበቃ ያወጣውን ዘርዝሮ ያቀርባል። መምህርቷ የዳኝነቱንም የባለሙያውንም ክፍያ ደረሰኝ በየቀኑ ደብተር ላይ ለጥፈውታል። የጎደለው የእኔ ብቻ ነበር። አስተማሪዬ ናቸው ብዬ የጥብቅና ውል ሳላስፈርማቸው፣ የጥብቅና አበሌን 40,000 ብር ያለ ደረሰኝ በሦስት ጊዜ እጅ በእጅ ተቀብዬ ነበር፤ ደግነት መስሎኝ ነበር፣ ለካስ ስንፍና ኖሯል።

አንድ ባልደረባዬ ደረሰኙን ያለፈ ቀን ጽፈህበት አሁን ቁረጠው ብሎ መከረኝ፤ ይህ ሐሰተኛ ማስረጃ ማቅረብ ስለሆነ አልተቀበልሁትም። የተቋራጩ ጠበቃ ገንዘቡ ስለመከፈሉ ማስረጃ የለም ሲል ተቃወመ፤ በግንባታ ውሉ ላይም ለመዘግየት መቀጫ ተቀምጦ ስለ ጠበቃ አበል አንድ ቃል አልተጻፈም። ችሎቱ በደረሰኝ የተደገፈውን ወጪ ሙሉ በሙሉ ሲፈቅድ፣ የጠበቃ አበሉን በራሱ ግምት 12,000 ብር አደረገው።

ትእዛዙን ላነብላቸው ቤታቸው ሄድሁ። ጥፋቱ የእኔ ነውና ልዩነቱን 28,000 ብር በፖስታ አድርጌ አቀረብሁላቸው።

«እትዬ፣ ይህ የእርስዎ ነው» አልኋቸው።

ፖስታውን ሳይከፍቱ ወደ እኔ ገፉት። «ደክመህ የበላኸውን አልቀማህም፣ ልጄ» አሉ፤ ከዚያም ደብተሩን ከፍተው ባዶውን ገጽ በጣታቸው አሳዩኝ። «ይልቅ የ40,000ውን ደረሰኝ ዛሬ ቁረጥልኝ፤ ቀኑንም የዛሬውን ጻፍበት።»

ቆረጥሁላቸው፤ ለጠፉት።