የቆመችው መስመር

ዛሬ ከድሬዳዋ መጋላ አንድ ጌም ቤት የመጣው አሮጌ የጌም ማሽን ምስሉ ሁሉ ተሰብስቦ በስክሪኑ መሃል ከላይ እስከ ታች የተዘረጋች አንዲት ነጭ መስመር ሆኖ ነበር። ባለቤቱ «ቲዩቡ ሞቷል፤ አውጣውና ጠፍጣፋ ስክሪን ግጠምልኝ» አሉኝ። እኔ ግን መስመሯ እስከበራች ድረስ ቲዩቡም (ምስሉ የሚታይበት መስታወት) ከፍተኛውን ቮልቴጅ የሚሰጠው ፍላይባክ ትራንስፎርመርም ደህና እንደሆኑ ስለማውቅ፣ መስታወቱ ከውስጥ የተቀባውን የሚያበራ ፎስፈር እንዳታቃጥለው ብርሃኗን ቀንሼ ማሽኑን አጠፋሁት።

ቴሌቪዥን ብቻ የለመደ ሰው የቆመ መስመር ሲያይ የአግድም ቅኝቱን፣ ማለትም ምስሉን የሚስለውን የኤሌክትሮን ጨረር ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚወስደውን ክፍል፣ ይጠረጥራል። እዚህ ማሽን ውስጥ ግን፣ በ1980 እ.ኤ.አ. እንደወጣው የፓክማን ጌም ሁሉ፣ ስክሪኑ የተገጠመው በጎኑ ዞሮ ነው። ስለዚህ ለተጫዋቹ ቆማ የምትታየው መስመር ለቲዩቡ አግድም ናት፤ የተበላሸውም ጨረሩን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያንቀሳቅሰው የቋሚ ቅኝት ክፍል ነው።

የሚረዳኝ ልጅ «ጋሼ፣ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላ ምን ያስፈራል?» ሲል ጠየቀኝ። ይህን ጥያቄ ቸኩዬ ላልፈው አልፈለግሁም። የቀለም ቲዩብ መስታወት ከውስጥም ከውጭም ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ ግራፋይት የተቀባ በመሆኑ ራሱ ትልቅ ካፓሲተር፣ ማለትም ቻርጅ የሚያጠራቅም ዕቃ፣ ነው፤ ሲሠራ ከ20,000 ቮልት በላይ ይሸከማል፣ ከተነቀለም በኋላ ቻርጁን ይዞ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ የሽቦውን አንድ ጫፍ በቲዩቡ ጀርባ ላይ ከተወጠረው የግራውንድ ሽቦ ጋር፣ ሌላውን ከካቻቢቴው ብረት ጋር አሰርኩ፤ አንድ እጄን ወደ ኋላ አድርጌም የካቻቢቴውን ጫፍ ከፍተኛው ቮልቴጅ ወደ ቲዩቡ በሚገባበት የጎማ ክዳን ሥር ቀስ ብዬ አስገባሁ። ጧ አለ። መስታወቱ ከቆይታ በኋላ ጥቂት ቻርጅ መልሶ ሊያጠራቅም ስለሚችል ልጁ እያየ ደገምኩት። የቲዩቡን ቀጭን አንገት በክንዱ እንዳይነካብኝም አስጠነቀቅሁት፤ አንገቱ ከተሰነጠቀ አየር ይገባል፣ ያን ጊዜ በእርግጥ ሞተ ማለት ነው።

ቦርዱ አቧራ ለብሶ ነበር፤ ከፍተኛ ቮልቴጅ አቧራ ይስባል፣ የድሬ አቧራ ደግሞ የታወቀ ነው። ካጸዳሁት በኋላ በማጉያ መነጽር ሳየው፣ የቋሚ ቅኝቱ አይሲ (ቺፕ) አንድ እግር ዙሪያ ብየዳው እንደ ፀጉር በቀጠነች ቀለበት ተሰንጥቋል። ለዓመታት ሲግልና ሲቀዘቅዝ የኖረ ብየዳ እንዲህ ይሆናል። አሮጌውን ሊድ መጥጬ አዲስ በየድኩ። እግረ መንገዴንም በሙቀት የደረቁትን ካፓሲተሮች፣ ፖዘቲቭና ኔጌቲቫቸውን እያመሳከርኩ፣ 85 ዲግሪ ከሚችሉት ወደ 105 ዲግሪ ወደሚችሉት ቀየርኳቸው። በዚህ ከተማ ሙቀት፣ በተዘጋ የእንጨት ሳጥን ውስጥ፣ ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ቦርዱን የሞከርኩት እዚያው ማሽኑ ውስጥ መልሼ ነው። ቦርዱን ከግድግዳው ኤሌክትሪክ የሚለየው ትራንስፎርመር ያለው ቦርዱ ላይ ሳይሆን በሳጥኑ ወለል ላይ ስለሆነ፣ ቦርዱን ብቻውን አውጥቶ በቀጥታ ከግድግዳ ሶኬት ጋር ማገናኘት ሰው ይገድላል። ምስሉ ተዘረጋ፤ ቁመቱን በማስተካከያው ሞላሁት።

ጠፍጣፋ ስክሪን መግጠም ቀላል ነበር። ነገር ግን እነዚህ ጨዋታዎች የተሳሉት ለዚህ ጨረር ነው፤ የጤነኛ ቲዩብን ዕድሜ በአንድ የብየዳ ስንጥቅ ምክንያት ማሳጠር ከጥገና አልቆጥረውም፤ ምትክ ቲዩብም እንደልብ አይገኝም። የብየዳ ስንጥቅ ሲግል ስለሚላቀቅ፣ ነገ የቀትሩ ሙቀት እስኪያልፍ ማሽኑን አብርቼ አቆየዋለሁ፤ ምስሉ ካልተንቀጠቀጠ ባለቤቱ መጥተው ይወስዱታል።