የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜና የተማሪዎቻችን ዝምታ

ባሕር ዳር ውስጥ ለአንደኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ብዙ ሰው ተማሪዎቹ የማይናገሩት ቋንቋውን ስለማይችሉ ይመስለዋል፤ እኔ ግን አልስማማም። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱንም ታሪኩንም በእንግሊዝኛ የተማረ ወጣት ስለ ራሱ ሦስት ዓረፍተ ነገር የሚናገርበት ቃል አያጣም። የሚጎድለው ልምዱ ነው፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና መልስ የሚመረጥበት ስለሆነ አፉን ሳይከፍት ጥሩ ውጤት ማምጣት ይችላል።

ከዚህ የሚብሰው ግን መሳቂያ የመሆን ፍርሃት ነው። አንዲት ተማሪ ተነሥታ «አይ ዲድ ኖት ዌንት» ስትል ከኋላ ወንበር ሳቅ ተሰማ፤ ሐሳቧ ለሁላችንም ግልጽ ቢሆንም ሳትጨርስ ተቀመጠች፣ ከዚያም በኋላ እጇን አላወጣችም። አቀላጥፎ የሚናገረውም ቢሆን አይተርፍም፤ ዶርም ሲገባ «ፈረንጁ መጣ» ይባላል።

እኛ መምህራንም ችኩሎች ነን። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሜሪ ባድ ሮው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባሳተመቻቸው ጥናቶች፣ መምህራን ጠይቀው የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሆነ፣ ጊዜው ወደ 3 ሰከንድ ከፍ ሲል ግን የተማሪዎች መልስ እንደሚረዝም አሳይታለች። ጥናቱ የተካሄደው በአንደኛ ደረጃ የሳይንስ ክፍሎች ነው፤ በባዕድ ቋንቋ ለሚመልስ ተማሪ 3 ሰከንድም የሚበቃ አይመስለኝም።

ከሞከርኳቸው ዘዴዎች የተሻለው አድማጩን ወደ አንድ ሰው ማሳነስ ነው። ተማሪዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ጀርባ ለጀርባ ይቀመጣሉ፤ አንዱ ዘጌ ላይ ከጀልባ መውረጃው በቡናው ጫካ አቋርጦ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደውን መንገድ የሚያሳይ ንድፍ ይዞ ይናገራል፣ ሌላው እየሰማ በባዶ ወረቀት ላይ ይስላል። የሚስለው ግራ ሲገባው «ዌት፣ ዌት! ሌፍት ኦር ራይት?» ብሎ ያስቆመዋል፤ ይህን ጥያቄ እንዲጠይቅ ያዘዘው ማንም የለም። እርግጥ ነው፣ ሲቸግራቸው ወደ አማርኛ ይሸሻሉ፤ አማርኛ ብዙም ከማይቀናው የወለጋ ወይም የጅማ ልጅ ጋር የተጣመረው ግን እንግሊዝኛውን ከልቡ ይፈልገዋል።

ያልተፈታው የምዘናው ጉዳይ ነው። 50 ተማሪዎችን ለየብቻ አምስት አምስት ደቂቃ መፈተን ከአራት ሰዓት በላይ ስለሚወስድ፣ ብዙዎቻችን ተመልሰን ወደ ጽሑፍ ፈተና እንገባለን። እኔ በጥንድ መፈተን ጀምሬአለሁ፤ ጊዜው በግማሽ ያህል ይቀንሳል፣ ነገር ግን ደፋሩ ዓይናፋሩን እንዳይውጠው ማን ከማን ጋር እንደሚጣመር አስቀድሞ ማሰብን ይጠይቃል።